ጎንበስ የማትለው እህቴ

ባለፈው እሑድ ልጄ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ትልቁ ልጇ ወንበር ላይ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ቢቀመጥ፣ «ቀጥ በል! ስንፍና ነው እኮ!» ብላ ጮኸችበት። እኔ ሸሚዙን አስወልቄ ጀርባውን ካላየሁ አልኩ። «እማዬ ደግሞ ጀመረሽ!» ብላ ሳቀች። ልጁ ደኅና ነበር። የኔ ንዴት ግን ቶሎ አልበረደም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት እኔ አሥራ ስድስት፣ ታናሽ እህቴ ጥሩዬ አምስት ዓመታችን ነበር። የምንኖረው ከዚያ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ባለችው አማኑኤል ከተማ አጠገብ ነበር። የባቄላው እሸት በደረሰበት ሰሞን ጥሩዬ የወደቀ ነገር ስታነሳ ጎንበስ ማለት ተወች። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ተክላ፣ በጉልበቷ ቁጢጥ ትላለች፤ ስትነሳም ጭኗን እየተደገፈች ነው። ቤተ ሰቡ «ወይዘሮዋ» እያለ ይስቅባት ጀመር። መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ።

አንድ ቀን ወንዝ ወርደን ሳጥባት፣ ከጀርባዋ መካከል ጎልቶ የወጣ አጥንት እጄን ነካው። ቤት እንደገባን ተናገርኩ።

«ከስታ ነው፤ ስትበላ ይጠፋል» አለች እናቴ፣ ከምታበጥረው ጤፍ ቀና ሳትል።

«ሥራ ጠልታ ነው፤ አታሞላቅቋት» አሉ አባቴ።

አክስቴ ዓይን ነው አለች። የንስሐ አባታችን ጠበል አዘዙ፤ ወሰድኳት፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ በየእርምጃዋ ታቃስት ነበር። ሁሉም መልስ አለው፤ ቀርቦ የሚያይ ግን የለም! በዚሁ ወሬ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ዓቢይ ጾም ገባ።

በመጨረሻ አባቴ አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ወጌሻ ጠሩና «ተጭነው ያስተካክሉልን» አሏቸው። አያ ደምሌ አጥንቱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ ውልቃት አይደለም፤ አጥንት ውስጥ የገባ በሽታ ነው። ማንም እንዳይጫናት፤ እግሯ ይያዛል። ማርቆስ ሐኪም አለ ይላሉ።»

«የጣሊያን ሐኪም? ወንድሜ ጫካ ገብቶ ሲዋጋ?» ብለው አባቴ ተቆጡ።

«እንግዲያው እርስዎ ያድኗት!» አልኳቸው። እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እናቴ አንቀልባውን አቀበለችኝ።

በነጋታው ጥሩዬን አዝዬ ቀኑን ሙሉ ተጓዝኩ። ኬላው ላይ ወታደሮች አንቀልባውን አስፈትተው ፈተሹን፤ ጀርባዋን ሲያዩ አሳለፉን።

ሐኪሙ በአስተርጓሚ «ስንት ጊዜ ሆናት?» አለኝ።

«አምስት ወር።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀድመን ብናመጣት ኖሮ አትጎብጥም ነበር አለ። አሁን ግን ደረቅ መኝታ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ለብዙ ወራት እንድትተኛ አዘዘ። የምትተኛበትን ሳንቃ የጠረቡት አባቴ ናቸው፤ እየጠረቡ ያለቅሱ ነበር። ከተኛች ዓመት ሊሞላት ሲል ተነሳች፤ ጎብጣ፣ ግን በእግሯ።

ጥሩዬ ዛሬ ጉንደ ወይን ነው ያለችው፤ ወልዳ አሳድጋለች። የዚያ ዘመን ነገር ሲነሳ ሰው የሚያማርረው ጣሊያንን ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ አምስት ወር ነው። ቤታችን ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ይወዷት ነበር። ልብሷን ገልጦ ማየት ብቻ ነበር የቀረው።