ስቱኮ ያልነካው ሳጥን

ሾላ አካባቢ የተገዛ ቁም ሳጥን ካላችሁ ጀርባውን አዙራችሁ እዩት። ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጀርባው ከካርቶን አይሻልም። አናጢው ያበላሸው መጋጠሚያ ሁሉ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶበታል። ለእኔ ስቱኮ ማለት ተለስኖ የደረቀ ውሸት ነው።

ልጄ ልታገባ ስትል፣ ልብሷን ይዛ የምትወጣበትን ሳጥን ራሴ እሠራለሁ አልኩ። አናጢነት ያስተማረኝ የለም። መጋዝና መላጊያ ገዝቼ፣ የቤታችንን ወንበሮች እየፈታሁ መልሼ በመግጠም ነው የለመድኩት። ጣውላ ነጋዴዎችን ስለማላምን፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ከሚኖር ዘመዴ ግቢ ባሕር ዛፍ አስቆርጬ አሰነጠቅኩ። እንጨቱ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነውን ቅጠል ይሸታል። ይህ ሽታ ያለበት ሳጥን ብል አይደፍረውም ብዬ፣ ሽታው ሳይጠፋ ልግጠመው አልኩ። ሚስቴ መጀመሪያ ይድረቅ እንጂ ብትለኝ፣ አናጢው እኔ ነኝ ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ሠርጉ ሲቃረብ ክዳኑ ተጣመመ። በአንደኛው ጥግ እጅ ያስገባል።

የልጄ እጮኛ የባንክ ሠራተኛ ነው። ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ ሊገዛ ያሰበውን ቁም ሳጥን በስልኩ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ፊኒሺንጉን ይመልከቱልኝ።»

ጀርባውን አሳየኝ አልኩት። የጀርባ ፎቶ አልነበረውም። ሰው ጀርባውን ሳያይ ዕቃ የሚገዛበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ልጄ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ክፍተቱን በጣቷ ትለካለች።

«አባዬ፣ ትንሽ ስቱኮ ብታደርግበት ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

«አንተማ ከእኛ ጋር አትኖርም።»

ስቱኮ ግን አልገዛሁም። ክዳኑን ከማጠፊያው ነቅዬ አስቀረሁት። በልጄ የሠርግ ቀን ሳጥኗ በነጠላ ተሸፍኖ መኪና ላይ ሲጫን፣ ሚዜዎቹ ክዳኑ የታለ እያሉ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ።

ክዳኑ ጓዳ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖት ይደርቃል። በቀደም ልጄ ደውላ፣ የዚያ የሚያበራ ቁም ሳጥን በር ከነብሎኑ ወለቀ አለችኝ። አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው። እሷም ስቄ እስክጨርስ ጠብቃ፣ «የእኛስ ክዳን ደረቀ?» አለች።

ገና ነው አልኳት።