ዘፈኑ የቆመበት ሰርግ

አብነት ሰፈር ውስጥ እንዳለች ቱሉን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። እኔ ኡሙልኸይር ነኝ። የእኔን ሱቅና እሷ የምትሠራበትን የሰርግ ቪዲዮ ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ የማወራላችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። ቂሟን እንደ እሷ ዝም ብላ የምትይዝ ሴት አላየሁም። እኔ ብሆን በተነካሁበት ቀን ፀጉር ለፀጉር ተያይዤ ነበር፣ ወላሂ!

መጀመሪያ ሥራዋን ልንገራችሁ። ሌላው ኤዲተር ካሴቱን ኮምፒውተር ላይ ይገለብጥና ኬክ የተቆረሰበትን ሲፈልግ፣ ወደፊት ወደኋላ ሲል ይውላል። እንዳለች ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሰርጉን እስከ መጨረሻው ታየዋለች፤ ምንም አትነካም። ከዚያ ነገሩ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ትከፍለዋለች፦ ሚዜዎቹ ሲገቡ አንድ ቁራጭ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ሌላ ቁራጭ። ለእያንዳንዱ ስም ትሰጠዋለች፤ የሙሽራውን ወገን በአንድ ፎልደር፣ የሙሽሪትን ወገን በሌላ ታስቀምጣለች። "የአጎቴ እስክስታ የታለ?" እያለ የሚጮህ ዘመድ ሲመጣ ሻይ ሳይቀርብለት አግኝታ ታሳየዋለች። በመጨረሻ የሰዉን ድምፅ ታጠፋና ዘፈን ትጭንበታለች። የእኛ ሰርግ ፊልም እንዲያ ነው፤ የሰው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ዘፈን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ካሜራ ወሬም የሚይዝ አይመስለውም።

ይቺን ልጅ ሰላሁን የሚባል፣ ሜክሲኮ አደባባይ ባንክ የሚሠራ ሰው ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት። አባቷ ጋሽ ቱሉ እሺ አሉ፣ ዘመድ ሰማ፣ ደስ አለን። ከዚያ አንድ እሁድ ሰላሁንን ያሳደገችው አክስቱ እትዬ ጠጅቱ ከች አለች። በር ላይ ቆማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እየሰማ፣ "መጋረጃ ዘግታ ጨለማ ክፍል ከወንድ ጋር የምትውል ሴት ለእኔ ልጅ አትሆንም!" አለች። መጋረጃው የሚዘጋው እኮ ስክሪኑ በደንብ እንዲታይ ነው! ማን ሊሰማ? ሰላሁን ስልክ ደውሎ "አክስቴ ናት፣ ምን ላድርግ?" ብሎ አለቀሰ። እንዳለችም አመነችው። ጋሽ ቱሉ ግን ከዚያ ወዲያ እድር ሲሰበሰብ ጥግ ፈልገው መቀመጥ ጀመሩ። ልጃቸውን በዓይናቸው ማየት አቃታቸው። እሷን ያንገበገባት ሰላሁንን ማጣቷ ሳይሆን ይሄ ነው። "አባቴ እንደ ድሮው ቀና ብሎ ያየኛል፣ አንገቱን ያስደፋችውም ምላስ ራሷ ታቀናዋለች" አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በ2004 ዓ.ም. ሰላሁን ሌላ አገባ። የቀጠረው ካሜራማን ካሴቶቹን የት እንደሚያሠራ አልጠየቀም፤ ባለ ስቱዲዮውም ምንም ሳያውቅ ሥራውን ተቀበለና ካሴቶቹን እንዳለች ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ። እኔ ወሬውን ስሰማ ሱቄን ሳልዘጋ ሮጬ ገባሁ።

"ቁረጪያት! ያቺን ሴትዮ ከሰርጉ ጠራርገሽ አውጫት!" አልኳት።

"ብትቀር 'ረሱኝ' ትላለች፤ ይሄ ምኑ ብቀላ ነው?" አለችና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ።

ካሜራማኑ ለምሳ ሲቀመጥ ካሜራውን ሳያጠፋ እትዬ ጠጅቱ ፊት አስቀምጦት ኖሯል። እሷ ደግሞ ለጎረቤቷ እየጎረሰች ታወራለች። መጀመሪያ ሙሽሪት ሌንሳን አማቻት፣ መልኳንም ቁመቷንም። ቀጥላ፦ "የአብነቷን ልጅ ጨለማ ክፍል ያልኩት እኮ ውሸቴን ነው፤ ምስኪን፣ ምን አደረገች?" ከዚያ፦ "ሰላሁን ራሱ ነው በይልኝ ብሎ እግሬ ላይ የወደቀው። ሌላ አገኘሁ፣ ሽማግሌ ልኬ እኔው ልተዋት ብል ስሜ ይጠፋል ብሎ።"

ያ ረቢ! እንዳለችን አየኋት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ያን ሁሉ ጊዜ ያዘነችለት ሰው!

"የልጅቷን ሐሜት አወጣዋለሁ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም" አለችና ወሬውን ከሦስት ከፈለችው። ሌንሳን የሚነካውን ቁራጭ አወጣች። ሁለቱን ገጠመቻቸው፣ እነሱ ላይ ሲደርስ ዘፈኑን አቆመች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች።

ፊልሙ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሙሽሮቹ ቤት የታየ ቀን እኔም ነበርኩ። እትዬ ጠጅቱ ደንበኛዬ ናት፤ ለስላሳ ይዤ ሄድኩ፣ ደግሞስ ባትጠራኝ የምቀር ይመስላችኋል? ሳሎኑ ጢም ብሏል። ጭፈራው መሀል ዘፈኑ ቀጥ አለ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ማንም ያንን ቴሌቪዥን ለማጥፋት አልተነሳም። እትዬ ጠጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰላሁን ዱቄት መሰለ። ሌንሳ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረችና "እውነት ነው?" አለችው። እሱ ወደ አክስቱ ዞረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ሰላሁን ስቱዲዮ መጣ።

"እንዱዬ፣ በእግዜር፣ የሌንሳ ወላጆች ገና አላዩትም። አባቷ ይሄን ከሰማ ሌንሳን ይዟት ነው የሚሄደው። ቆርጠሽ ሌላ ቅጂ አውጪልኝ" አላት።

"መጀመሪያ አክስትህን ይዘህ አባቴ ደጅ ና። ያኔ ለሰማው ጎረቤት ሁሉ እውነቱን ንገሩ። ስለ ቅጂው ከዚያ እንነጋገራለን።"

እሁድ ከሰዓት መጡ። ሰፈሩ ደግሞ ማን ጠርቶት እንደሆነ እንጃ፣ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። እሺ፣ እኔ ነኝ የጠራሁት። እትዬ ጠጅቱ መሬት መሬት እያየች "ውሸቴን ነው" አለች። ሰላሁን "ጋሽ ቱሉ፣ እኔ ነኝ ያስባልኩት፤ ልጅዎ ንጹሕ ናት፣ ይቅር ይበሉኝ" ብሎ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ጋሽ ቱሉ ቀና አላደረጉትም። አልፈውት ሄደው እንዳለችን ግንባሯን ሳሟት፣ "እኔ አባትሽ ሆኜ ሳልጠይቅሽ አመንኳቸው" ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሷም አለቀሰች። እኔማ ተዉኝ!

ሰዉ ሲበተን ሰላሁን ጉልበቱን እያራገፈ ተጠጋት።

"ያልሽውን አድርጌያለሁ። አሁን ትቆርጪልኛለሽ?"

እንዳለች ዓይኗን ጠረገችና ረጋ ብላ መለሰችለት።

"የሌንሳ ወላጆች ቅጂ ትናንት ደርሷቸዋል፤ ዘፈኑ የቆመበት።"