ለካሜራው እንብላ

አባቴ ጎሮ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ሰቅዬ ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዬ በስልኬ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን መውደቃቸውን በዚያው አይቼ ለጎረቤት ደውዬ ነው የተነሱት። ሰው ፊት እንብላ ሳይሉ ጎርሰው ስለማያውቁ የጎረቤት ልጅ ምሳ አቅርባላቸው ስትሄድ ለካሜራው “እንብላ” ይላሉ። እኔም በስልኬ፣ ድምፄ ከካሜራው እየወጣ፣ “ይብሉ አባዬ፣ በልቻለሁ” እላለሁ፤ ያኔ ይጎርሳሉ።

እንጀራዬ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ዕቃዎችን ደህንነት መመርመር ነው። አንድ ፕሮግራም ለሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ለሁለት ዓይነት የማሽን አንጎል፣ ሲዘጋጅ ማሽኑ የሚያነበው ኮድ ጨርሶ አይመሳሰልም፤ አንድን ወሬ በአማርኛም በኦሮምኛም እንደ መስማት ነው። ቃሉን ትቼ የነገሩን አካሄድ እከተላለሁ፤ የቱ ጋ ይጠይቃል፣ የቱ ጋ ያሳልፋል። አንድ የዋይፋይ ሳጥን ላይ የታወቀ የሰርጎ ገብ ቀዳዳ ሌላ ዕቃ ውስጥ መኖሩን የምናውቀው እንደዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት ያንን ቀዳዳ ይዤ ካሜራዎችን ሳመሳክር የአባቴ ካሜራ ዓይነትም ቀዳዳው አለበት ተብሎ ወጣ። የማመሳከሪያው ፕሮግራም አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ምነው ዛሬም በተሳሳተ ብዬ መስመር በመስመር አነበብኩት። ያው ነው። የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ዘዴውን ያወቀ ሁሉ ሳይጠየቅ ያልፋል፣ ያያል፣ ይናገራልም።

ለአምራቹ ብጽፍ ብጽፍ መልስ የለም። ቦሌ ሱቅ ያሉትን ሌሎች ካሜራዎች ገዝቼ ፈታሁ፤ ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም፣ ውስጣቸው አንድ ነው። የአባቴን ካሜራ ከኢንተርኔት ባላቅቀው ደግሞ እኔም አላያቸውም።

ቅዳሜ ሄጄ ነገርኳቸው።

“አባዬ፣ በዚህች የማናውቀው ሰው ሊያይዎት ይችላል። ልንቀላት?”

“ብወድቅስ?”

ወደ ካሜራዋ የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

“እንግዲያ ተያት” አሉና በደህና እጃቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ልብስ ሲቀይሩ ከዚያ ቀሚስ ከሚመስለው ሸሚዛቸው ጋር ሲታገሉ ሌላ ሰው ሊያያቸው እንደሚችል አስቤ አፈርኩ።

ትናንት ስብሰባ ያዘኝና ዘግይቼ ስልኬን ከፈትኩ። ጠቅልለው የያዙት ጉርሻ በእጃቸው እንዳለ ነው፤ ዓይናቸው ካሜራው ላይ። ወጡ ረግቷል።

“ይብሉ አባዬ” አልኩ።

ቀዳዳውን የምደፍንበት መንገድ የለኝም፤ ፈልጌ ፈልጌ ደክሞኛል። አንተ የማላውቅህ፣ በዚያ ገብተህ የምታያቸው ከሆነ፣ እኔ ስዘገይ እባክህ “ይብሉ” በላቸው።