የቤረል ስታናርድ የኖቬምበር ድወላ

ኖቬምበር ሲገባ የመንደራችን ደወል ደዋዮች ዕረፍት የለንም። በጥንት ዘመን ፓርላማውን በባሩድ ሊያጋዩ የነበሩት ሰዎች የተያዙበትን አምስተኛውን ቀን ደውለን ሳንጨርስ፣ በጦርነት የሞቱት የሚታሰቡበት እሑድ ይደርሳል። እሱን ተከትሎ ደግሞ አሥራ ሰባተኛው ቀን ይመጣል፤ የመጀመሪያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዙፋን ላይ የወጣችበት። ይህን የመጨረሻውን አገሩ ከረሳው ቆይቷል። አለቃችን ቤረል ስታናርድ ግን አትረሳም፤ እኛም እንድንረሳ አትፈቅድም።

እኔ ክሌም ጋሮድ እባላለሁ፣ የመንደሩ ሥጋ ሻጭ ነኝ። ለነገሥታት ልደትና ንግሥ ያን ያህል ግድ የለኝም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤረል ጎን ቆሜ፣ እሷ ሦስተኛዋን ደወል እኔ አራተኛዋን ስንጎትት ኖረናል። ሴትየዋን ከራሷ ልጅ በላይ አውቃታለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። የመንደሩን ልጅ ሁሉ በካሮት ያሠቃየች እሷ ናት፤ ዛሬ ራሰ በራ የሆኑት ሁሉ ሳይቀሩ ሲያዩዋት ሳህናቸውን የሚደብቁ ይመስላሉ። ወደ ደወል ማማው የወጣችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። የዚያን ዘመን ሽማግሌዎች ገመዱ የወንድ ነው ይሉ ነበር። አንድ ኖቬምበር ግማሾቹ በጉንፋን ሲወድቁ ግን አፋቸውን ይዘው ገመዱን ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ማን ያስለቅቃት።

አንድ ነገር ብቻ ሳይሳካላት ቀረ። እኛ ዘንድ «ሙሉ ድወላ» የሚባል አለ፤ ስድስቱ ደወሎች ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየሩ፣ ሳያቋርጡና ሳይሳሳቱ ሦስት ሰዓት ያህል ይደወላሉ። ሰው መተካት የለም፣ ወረቀት ማየት የለም፣ ከመሪው በቀር መናገርም የለም። ቤረል ስትሞክር አንዴ ገመድ ተበጠሰ። አንዴ ምጥ መጣባትና ልጇን ወለደች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትልቁን ደወል የሚጎትተው ቧንቧ ሠራተኛው ኒጄል ተደናግሮ ሁሉንም አደናገረ። ይህን በምነግራችሁ ዓመት ደግሞ ሐኪሙ ቀኝ ትከሻዋን አይቶ አርብ ዕለት ቀዶ ሕክምና ቀጠራት። ከዚያ በኋላ ገመድ የሚባል ነገር እንዳትነካ አላት። አሥራ ሰባተኛው ቀን ረቡዕ ላይ ዋለ። ያ ረቡዕ ካመለጠ በቃ፣ ሌላ ዕድል የላትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስለምንዘጋ ስድስታችንም ተሰበሰብን። ኒጄል ሁለተኛ ሳንድዊቹን እየጨረሰ ነበር።

«ሦስት ሰዓት እኮ ነው» አለ አፉ ሞልቶ።

«ብትሞት ከመስኮት እንወረውርሃለን» አለች ቤረል። «ደወልህን ብቻ እንዳታቆም።»

ጀመርን። ገና በመጀመሪያው ዙር የቤረል ደወል አንዱን ምት ጥርት አድርጋ፣ ቀጣዩን «ድም» ብላ እንደ ታመቀ ሳል አወጣችው።

ወዲያው ገባኝ። ለሙታን መታሰቢያ እሑድ የየደወሉን መምቻ ምላስ በአንድ ጎኑ ቆዳ እናለብሰዋለን፤ አንዱ ምት ይጮኻል፣ ተከታዩ ከሩቅ እንደሚመጣ ያስተጋባል። ለንግሥ ግን ቆዳው መውለቅ አለበት። ቤረል ሰኞ ብቻዋን ወጥታ አምስቱን አውልቃለች። ስድስተኛው ላይ፣ ያውም የራሷ ደወል ላይ፣ ትከሻዋ አልታዘዝ ብሏት ነገ አወልቀዋለሁ ብላ ትታዋለች። በነጋታው ደግሞ ረሳችው። አግዙኝ ማለት እንደሆነ አታውቅበት፤ ተናድጄባት ነበር።

በአገጬ ወደ ላይ ጠቆምኳት፤ እናቁም ወይ? ካቆምን ቆዳውን አውልቀን እንደገና እስክንጀምር ይመሻል፤ ሁለቱ ደዋዮች ደግሞ የማታ ሥራ አለባቸው። ጆሮዋ ከየሁለቱ የደወሏ ምት አንዱን በቅጡ አይሰማም፤ ልክ ትምታ አትምታ በምን ታውቃለች? ራሷን ነቀነቀች።

«ቀጥሉ!»

እንዲህ ያለ ድወላ አይቼ አላውቅም። ዓይኗ ከገመድ ገመድ ይዘላል፤ ደወሏን በጆሮ ሳይሆን በእጇ ስበት እየለካች መታች። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ኒጄል ማመንታት ጀመረ።

«ኒጄል፣ ከክሌም ኋላ! አሁን ከእኔ ኋላ! አትየኝ፣ ገመዱን እይ!»

ተመለሰ። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ቀኝ እጇ በወጣ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ልቤ ከደወሉ በላይ ይደልቅ ነበር፤ ልጄ ስትዳር እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። መስኮቱ ጨለመ። ድንገት ደወሎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ተሰልፈው መጡ፤ ሙሉ ድወላ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

«በቃ» አለች ቤረል። ቀጥላም «አቁሙ» አለች።

ስድስቱም ቆሙ። ኒጄል አለቀሰ፤ እኔም ጮህኩ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም። ቤረል ክንዷን ማውረድ አቅቷት ነበርና ይዤ አወረድኩላት።

ወደ ውጭ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ በካፊያው ውስጥ ኮፍያ ሁሉ ወልቋል። ፊት የቆሙት የመንደራችን ሽማግሌ፣ የዘጠና ዓመቱ አቶ ሆራስ ተርሎው ነበሩ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ አቶ ተርሎው» አለች ቤረል።

«ታዲያ ለማንም ሳይሆን ነው እንዲህ በብርድ ያቆማችሁኝ? አንዷ ደወል ስታለቅስ ሰምቻለሁ እኮ። በይ ንገሪኝ፣ ልጄ፣ ማን ነው?»

ቤረል ትከሻዋን በግራ እጇ ደገፈች። «ትከሻዬ ነው» አለች። «አርብ ሆስፒታል ይቀበራል።»

ሰው ሳቀ። አቶ ሆራስ አልሳቁም።

«ሙሉውን ደወልሽው?»

«ሙሉውን።»

ኮፍያቸውን ወደ ራሳቸው እያነሱ ነበር፤ መልሰው ደረታቸው ላይ አደረጉት። እሷ በሩን አልፋ መንገዱን እስክትሻገር ድረስ ካፊያው ራሳቸው ላይ እየወረደ ቆሙላት።