ሽታው የቆጮ ነው

የመንቀሳቀስ ትዕዛዝ የደረሰን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ለመስቀል ቡታጅራ ሄጄ ከተመለስኩ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው። እናቴ ግማሹን ጋግራ፣ ግማሹን በሊጡ በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ ጥፍር አድርጋ ያሰረችው ቆጮ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ካሚዮኑ ላይ ስወጣ የጎጃሙ ሃምሳ አለቃችን አፍንጫውን ያዘ። «ምን ሞቶ ነው?» አለ።

«ምንም አልሞተም። አገሬ ነው የሸተተኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማን። የሻለቃችን ሐኪም፣ ሻምበል ዶክተር ይልማ ነበር። አባቱ ከጎንደር ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት መጥተው ቡታጅራ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው ከገበያው አጠገብ ነው። አንቱ ስንለው «አንቱታውን ለአባቴ አቆዩላቸው» ይለን ስለነበር ነው እሱ የምለው፣ ንቄው አይደለም። በእኔና በስልጤው ጓደኛዬ በሸምሱ መሃል ተቀምጦ ኦጋዴን እስክንደርስ በጉራግኛ ሲያስቀን ሰነበተ። መርፌ የሚፈራውን ወታደር እንኳ ስለ ክትፎ እያወራለት ነበር የሚወጋው።

ድንበሩ ላይ በሰፈርን በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አንዲት ራሰ በራ ኮረብታ ያዙ ተባልን። ወጣን። መትረየስ ከግራ መታን። ተኛን። ተነሣን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮረብታዋ በእጃችን ገባች፤ የእኔ ቀኝ እግር ግን ከጉልበት በታች ተሰብሮ ነበር። ሸምሱ ከነሻንጣዬ ተሸክሞ ዶክተሩ ወደሚሠራበት ቋጥኝ ሥር አወረደኝ።

ዶክተሩ ቁስሉን አጠበ፣ በንጹህ ፋሻ ሸፈነው፣ የጥይት ሳጥን ጣውላ ግራና ቀኝ ደገፈበት። ማሰሪያው ግን አልቋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይቆረጣል?»

«ምን ሲባል። ለሚመጣው መስቀል ትጨፍርበታለህ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ሻንጣዬ ላይ አረፈ። «ሸምሱ፣ ቆጮውን ፍታ። ከእኛ ወዲያ ቃጫ የሚያውቅ ማን አለ?»

የእናቴ ቃጫ ጣውላውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። የተጋገረውን ለሦስት ተቋደስን። ተኩስ እየተሰማ፣ እግሬ ተሰብሮ፣ ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዶክተሩ መኪና ላይ ሊያስጭነኝ ሲል ቆም አለ። ሊጡ ያራሰውን ቃጫ አሸተተ፣ ከደብተሩ ወረቀት ቀደደ፣ ጫር ጫር አድርጎ ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካው። «አትንካው፣ ላንተ አይደለም» ብሎኝ ወደ ሌላው ቁስለኛ ሄደ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ጦር ሆስፒታሉ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ሻለቃ ሐኪም ብርድ ልብሴን ገለጠ። ፊቱ ተለዋወጠ። «በስብሷል። ለመቁረጥ አዘጋጁት» አለ። «ኧረ ቆጮ ነው» ብል ማን ይስማኝ፤ በትኩሳት የሚቀባጥር መሰልኳቸው። ደረቴን ደበደብኩ። ሻለቃው ወረቀቱን ነቅሎ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ጌታዬ፣ ሽታው የቆጮ ነው፤ እግሩ ደህና ነው። እባክዎ እንዳይቆርጡት። ካላመኑኝ ለመስቀል ቡታጅራ ይምጡ፣ አብረን እንቀምሳለን።»

ሻለቃው ፈቶ አየው። ቁስሉ ንጹህ ነበር። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሸምሱ መጣ። እሱ አልሳቀም። ዶክተር ይልማ እኔ በተጫንኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቁስለኛ ሊያነሣ ወጥቶ ተመቷል። ወረቀቱ ሲነበብ ጸሐፊው በሕይወት አልነበረም።

«ሟች የሚቆጥረው ወታደር ከእኛ የሞቱት ሰባት ናቸው አለ» አለኝ ሸምሱ። «ሐኪም ከተዋጊ አይቆጠርም ብሎ። ስምንት በል አልኩት። ስምንት አለ።»

በዓመቱ መስቀል ሻለቃው የምር ቡታጅራ መጣ። ከሸምሱ ጋር ሦስት ሆነን ወደ ዶክተሩ አባት ቤት ሄድን። ቆጮው ቀረበ፤ ሻለቃው አሽትቶ «እሱው ነው» አለ። ቤቱ ሳቀ፣ ሽማግሌውም ሳቁ። በሐዘን ቤት መሳቅ ነውር ይመስላችኋል፤ የዶክተሩ ቤት ግን ያለ ሳቅ አያምርበትም ነበር።

እኔ ስለ ጦርነት ብዙ የማወራው የለኝም። ስምንቱን ስማቸውን በቃሌ አውቃለሁ፣ ይበቃኛል።

ስንወጣ ከደጅ ጭፈራው ይሰማል። ሽማግሌው ክንዴን ያዙ። «ልጄ የጠገነውን እግር እስቲ ልየው» አሉ።

ጨፈርኩላቸው።