ጠመኔና ሰባት ቤት

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ኤክስ አሰመርኩ። መምህር ጡረታ ቢወጣም እጁ አያርፍም፤ የእኔ ጭንቅላት ግን ከእጄ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ነገሩ ለትምህርት ነበር። የድራማ ክበቡ ልጆች ናዚዎች አይሁዶችን እንዴት እንደፈጁ የሚያሳይ፣ እኔ የጻፍኩላቸውን አጭር ተውኔት ያጠናሉ። ወታደሩ የአንዲት አይሁዳዊት በር ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በማግስቱ ይወስዷታል። ጎረቤት ሆና የምትጫወተው ልጅ «ጋሼ፣ እኔ የምናገረው የለኝም?» አለችኝ።

«የለሽም። አይተሽ ትገቢያለሽ።»

አኮረፈች።

እውነተኛ በር ይሻላል ብዬ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት ልጆቹን ወደ እኛ መንደር ወሰድኳቸው። ስንጨርስ ማጥፋቱን ረሳሁ።

ጎረቤቴ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት። በፊት በነበረችበት ከተማ ግርግር ሲነሳ በሯ ላይ ምልክት ተደርጎባት፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሸሽታ ነው እኛ ዘንድ የመጣችው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ጅል የሚያሰኘኝም እሱ ነው።

ትዝ ሲለኝ ሮጥኩ። ቤቱ ተቆልፏል። መሸሿ ገብቶኝ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄጄ ስደርስ ፍራሿን ሚኒባስ ላይ አስጭናለች። ጠመኔውን ከኪሴ አውጥቼ እንደተያዘ ሌባ አሳየኋት።

እሷም እንዲህ አለችኝ፦ «የእርስዎስ ይሁን፣ ጋሼ፤ እርስዎ ያው እርስዎ ነዎት። ሰባቱ ጎረቤቶቻችን ግን ከገበያ ቀድመውኝ ገብተዋል፤ አይተዋል። ስልክ ቁጥሬን ሁሉም ያውቁታል። ሰባቱንም ቤት፣ ለምን አልደወላችሁላትም ብለው ይጠይቁልኝ። እስከዚያ ፍራሼን አልፈታም።»

አብራኝ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፍራሹ እንደተጠቀለለ ግድግዳ ተደግፏል።

ጅልነቴን ለምጄዋለሁ፤ አብረን አርጅተናል። ያልቻልኩት የጎረቤቶቻችንን ነው። የመጀመሪያው ጎረቤት «ወላሂ ጋሼ፣ የቀበሌ ምልክት መስሎኝ» አለኝ።

«ቀበሌ የእሷን በር ብቻ ለይቶ?»

ሁለተኛዋ «በእመቤቴ፣ እኔ ምን አግብቶኝ?» አለች። ሦስተኛው፣ የእኔው እኩያ፣ የራሱን በር አገላብጦ አይቶ፣ ምልክት ሲያጣበት ተመስገን ብሎ መግባቱን ሳያፍር አጫወተኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ሞኙ ይህን ለልጆች ላሳይ ብዬ በተውኔቴ አውሮፓ ድረስ ሄጃለሁ!

ለዚያች ላኮረፈች ልጅ ነገ የምትናገረው ሦስት ነገር እሰጣታለሁ፤ የሦስቱን ጎረቤቶች መልስ፣ ቃል በቃል። ለጎረቤቴ ግን ገና የቀሩት አራት ቤቶች መልስ አለብኝ።