አሜን የበዛበት የባና ገጽ

አባቴ አዲስ አበባ አይሄድም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሴትዮ ደወሉና፣ ለክፍሎቻቸው ሁሉ የሚበቃ ባና እንድንሠራላቸው ቁርጡን ተናገሩ። አባቴ ስልኩን ለእኔ መልሶ ጓዳ ገባ። ለመንገድ ያሰረውን ሻንጣ ፈታና ልብሱን እያወጣ መልሶ ሚስማሩ ላይ ይሰቅል ጀመር። እናቴ በሩን ተደግፋ ታየዋለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።

«ካፖርቱንስ?» አለችው።

«እሱንም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስቄ አላባራሁም። ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወርጄ ጀሪካኑን ባዶውን ይዤ ተመልሻለሁ።

ደስታዬን ብቻ ጽፌ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ክረምቱን ሙሉ የከረምኩት በንዴት ነው፤ ንዴቱን ካልነገርኳችሁ ደግሞ ሻንጣ መፈታቱ ለምን እንደሚያስቅ አይገባችሁም።

ባና ለማታውቁት፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ጠጉሩን ታጥባለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ትፈትላለች። አባቴ እግሩን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ይሸምነዋል። ድሮ የሚገዙን ላሊበላን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። እንግዳው ከቀነሰ ወዲህ ባናው እቤት ውስጥ እየተደራረበ ከአልጋ በልጦ እኔ እላዩ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ለመውጣት በርጩማ ያስፈልገኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ እራት ላይ፣ «መስቀል ይለፍና አዲስ አበባ ወርጄ ጥበቃ እቀጠራለሁ» አለ። አባቴ ከወጣ በኋላ እናቴ፣ «ሸማኔ ከጉድጓዱ አንዴ ከወጣ አይመለስም» አለች። ለኔ አልነበረም የተናገረችው፤ ለራሷ ነው። እኔ ግን ሰማሁ።

በማግስቱ፣ ባናውን በማኅበራዊ ሚዲያ እሸጠዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ታላቅ ወንድሜ አስጎብኚ ነው፤ የሚያስጎበኘው ሰው ስለሌለ ሥራው እኔን ማብሸቅ ሆኗል።

«ስልክ የያዘ ሁሉ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ይሄኔ ሆቴል ነበረኝ» አለኝ።

«አንተ ስልኩን የያዝከው ለጨዋታ ነው።»

«እሺ እመት ነጋዴ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ። ሰው ከላሊበላ የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያኑን ነው። እሱን አሳዪ፤ ባናው ተከትሎ ይሸጣል።»

ምክሩ ልክ መሰለኝ። እኛ አገር ሆቴሉም፣ ሻይ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑን ነው ግድግዳው ላይ የሚሥለው። ስለዚህ ባናውን ወንድሜ ትከሻ ላይ ጣል አድርጌ፣ ከኋላው የተፈለፈለው ዓለት እንዲታይ አቁሜ ፎቶ አነሣሁት። ፂሙን ስላልተላጨ ግርማ ሞገስ ነበረው። ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ካልወጡ ኢንተርኔት አይሠራም፤ በዝናብ ወጥቼ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ስልኩን ስከፍት መንዘሩን ሊያቆም አልቻለም። ላይኩ አይቆጠርም። ሼር ተደርጓል። ልቤ እየዘለለ ኮመንቱን ከፈትኩ።

አሜን። አሜን። አሜን አሜን አሜን። የቅዱሳኑ በረከት ይደርብን። አሜን።

ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ፤ አሜን ብቻ ነው። መሐል ላይ አንዲት ሴት፣ «አባታችን፣ በረከትዎ ይድረሰን» ብላለች። ከሷ በታች ያሉት ሁሉ ተከትለዋታል። ወንድሜን መናኝ አድርገውታል። ባናው ገዳም የሚለበስ መስሏቸዋል።

ለወንድሜ ማሳየት አልነበረብኝም። ያን ሳምንት በሙሉ እቤት ውስጥ እጁን እያነሣ፣ «ቀረብ በይ ልጄ፣ ልባርክሽ» እያለ ሲዞር ሰነበተ። እናቴ በመጨረሻ፣ «እንግዲያው መናኝ አይበላም» ብላ ሳህኑን አነሣችበት።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ አንድ እንኳ ዋጋ የጠየቀ አልነበረም። በውስጥ መስመር የመጣውም መልእክት የክርስትና ስም ነው፤ አባቶች በጸሎት እንዲያስቡላቸው። ልደመስሰው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ስም አደራ ነው። አደራ አይደመሰስም።»

«እማዬ፣ እኛ እኮ ባና ሻጭ ነን።»

«ቢሆንስ?»

ስለዚህ ባና ነጋዴዋ እኔ፣ በጭቃ መንገድ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም በልቤ እየደጋገምኩ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አንድም ሳይንቁ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የምትሸጪው ምንድነው?» አሉኝ።

«ባና ነው፣ አባ።»

«ታዲያ ባና መሆኑን ለነሱ ንገሪያቸዋ። እኔማ ባና አለኝ።»

እያሾፉብኝ እንደሆነ ስለገባኝ እስከ ቤት ድረስ ተናድጄ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑን ከገጹ አወጣሁና ሌሎች ነጋዴዎች የሚጽፉትን አየሁ። ሁሉም፣ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ጥራት መለያችን ነው፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። ሰዎች «ዋጋ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። አሁን ደግሞ አባቴ መጣ።

«ዋጋ ሰላም ሳይባባሉ አይነገርም» አለኝ። «ሰው ገበያ መጥቶ ባናውን ይዳስሳል፣ ደህና ናችሁ ወይ ይላል፣ ከየት መጣህ ትዪዋለሽ። ዋጋ ከዚያ ነው። ‹ዋጋ?› ላለሽ ሁሉ ዘለሽ ዋጋ ከነገርሽማ ዕቃው የተሰረቀ ይመስላል።»

«አባዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም።»

«ሰው ሰው ነው። ሰላም በያቸው።»

የአባቴን ቃል አክብሬ «ዋጋ?» ላለ ሁሉ፣ «እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና ነው? ከየት ነዎት?» ብዬ መለስኩ። አንዱ፣ «ከየት እንደሆንኩ ምን አገባሽ?» አለኝ። አንዷ፣ «ብርድ ልብስ ነው የጠየቅኩሽ፣ መታወቂያ ልታወጪልኝ ነው?» አለች። ዘጋችኝ። የቀሩት ደግሞ እኔ እንደገና ኮረብታው ላይ ወጥቼ ሰላምታቸውን እስክቀበል ድረስ ሌላ ቦታ ገዝተዋል። ጫማዬ በጭቃ ተበላ። አባቴ ማታ ማታ፣ «እህ፣ ምን አሉ?» ይለኛል። «ደህና ናቸው» እለዋለሁ። ምን ልበለው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው የለጠፍኩት ፎቶ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ይሄ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው፤ የእጅ ሥራ ነው የሚሉት ዋጋ ለማስወደድ ነው።

ከኮረብታው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የእናቴ ጣት በፈትል ተሰንጥቆ ቅቤ እየተቀባ ነው የሚያድረው። እቤት ስደርስ አባቴና ወንድሜ ግቢ ውስጥ ባና እየረገጡ ነበር። ባና ተሸምኖ አያበቃም፤ ሞቅ ባለ ውሃ እየተነከረ፣ ክሩ ተጣብቆ ብርድ እስከማያስገባ ድረስ በእግር ይረገጣል። ውሃው ይጠቁራል፤ በግ በግ ይሸታል። ይሄን ሥራ ቀርጬው አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለሰው የሚታይ ነገር አይመስለኝም ነበር።

ስልኩን አውጥቼ እግራቸው ላይ ደገንኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቴ።

«እየቀረጽኩ።»

«እግር ይቀረጻል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ርገጥ።»

ድምፄ ሳይገርመው አልቀረም፤ ረገጠ። ከዚያ ንዴቱን ወደ ወንድሜ አዞረው። «አንተ ደግሞ እንደ ቱሪስት በጣትህ አትራመድበት። ተረከዝ። ተረከዝህን አሳርፈው።»

«ተረከዜ ቀዘቀዘ።»

«ጨርሰውና ባናውን ትለብሳለህ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «መናኝ ብርድ አይፈራም» አለችው።

ይሄ ሁሉ ድምፅ ቪዲዮው ውስጥ ገብቷል። አላጠፋሁትም። ዋጋውንም ልጽፍ መሆኑን ለአባቴ ነገርኩት። ሊቆጣ ሲል፣ «ሰላምታውን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ዋጋው ከሰላምታው ቀጥሎ ይመጣል» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ሰላም ካልሽማ ምን ይደረጋል» አለ።

ኮረብታው ላይ ቁጭ ብዬ «ውድ ደንበኞቻችን» የሚለውን ትቼ እንደምናገረው ጻፍኩ፦

«እንደምን ዋላችሁ። እኛ ደህና ነን። ይሄ የምታዩት የአባቴ እግር ነው። ባናው ከበግ ጠጉር ነው፣ እናቴ ፈትላው አባቴ የሸመነው። ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ ይኮሰኩሳል፤ ከሥር ነጠላ አድርጉበት። ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል፣ ሲደርቅ ይለቃል። ፋብሪካ ነው የምትሉ ካላችሁ ፋብሪካው ይኸው ሲረግጥ።» ከዚያ ስፋቱን፣ ዋጋውን፣ በአውቶቡስ እንደምንልከው አከልኩበት።

ያን ቀን ነው መጻፍ የምችል መሆኔን ያወቅኩት። ትምህርት ቤት የምጽፈው ድርሰት ሁሉ «ከሁሉ አስቀድሜ» እያለ ይጀምር ነበር፤ ይሄ ግን ከአፌ እንደወጣ ነው።

የሚያናድደው፣ እንደ መጀመሪያው ፎቶ ሰው አልጎረፈም። ወንድሜ አየውና፣ «አሜን እንኳ የለም» አለኝ። የመጡት ጥቂቶቹ ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። በምን ይታጠባል? ለልጅ ይሆናል? ቁንጫ አይዝም? የደሴዋ ሴትዮ ከነዚህ አንዷ ነበሩ። «በጣም ይኮሰኩሳል?» አሉኝ። «አዎ፣ እስኪለምዱት በጣም» አልኳቸው። አንድ አዘዙ። በወልድያ በኩል ላክንላቸው።

ከዚያ ዝም። መስቀል መጣ፣ ደመራው ተለኮሰ፣ እሳቸው ዝም። በየቀኑ ወጥቼ አየዋለሁ፤ መልእክቴን አይተውታል፣ መልስ የለም። ኮስኩሷቸው ይሆናል እያልኩ እውነቱን በመናገሬ ራሴን ረገምኩ። ትናንት ጠዋት አባቴ ሻንጣውን ሲያስር ገመዱን ያዢልኝ አለኝና ያዝኩለት። እሱም አጥብቆ ቋጠረው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጮህ ግቢው በር ላይ ነበርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የባናዋ ነሽ?»

«አዎ፣ እርስዎ…»

«እንግዳዬ ዛሬ ጠዋት ባናውን ጠቅልሎ ይዞት ሊሄድ ሲል ነው የያዝኩት። መጀመሪያ እኔ ራሴ ለብሼ ሰነበትኩበት፣ ከዚያ ለእንግዳ አልብሼ ሞከርኩት። ሳልሞክር አልናገርም ብዬ ነው የጠፋሁብሽ። በይ የእግሩን ባለቤት አገናኚኝ።»

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። እንደምን ዋሉ አለ። ልጆች ደህና ናቸው ወይ አለ። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ እናትዎ የየት አገር ሰው ናቸው አለ። እሳቸውም አንድ ሳያስቀሩ መለሱለት፤ የእናታቸው ወገን ከወደ ላስታ፣ ከኛው አገር ኖሯል። ካርዳቸው አልቆ ስልኩ ሊዘጋ ነው ብዬ እኔ ግድግዳውን በጥፍሬ እቧጥጣለሁ። ዋጋ የተነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ቶሎ አለቀ።

አሁን ያለብን ጭንቅ ሌላ ነው። የታዘዘው ባና ብዙ ስለሆነ የእናቴ እጅ ብቻውን አይፈትለውም። ካልደረሰ ደግሞ አባቴ ተመልሶ ሻንጣውን ያያል። ስለዚህ እናቴ ዛሬ ጠላ ጠምቃለች፤ «ለምታውቂውም ለማታውቂውም ጥሪልኝ» ብላ ልካኛለች። የሚቀጥለው ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ያለው ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ከኮረብታው ሥር እኛ ግቢ የፈትል ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ አለ። እንዝርት ያላችሁ እንዝርታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ከኛ ትወስዳላችሁ። መፍተል የማትችሉ ጠጉር ትነድፋላችሁ፣ እሱም ከከበዳችሁ እግር አላችሁ፣ የሚረገጥ አለ። ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራ ነገር ኖሮ ገዢ ያጣችሁ ልጆች ደግሞ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እየፈተልን እንዴት እንደሚቀረጽና ሥሩ ምን እንደሚጻፍ የማውቀውን አሳያችኋለሁ። ዝናብ ከመጣ ዳስ ውስጥ እንገባለን።